ክሪክ እህል እምቢ ያለ ሰሞን

ልጅ ሳለሁ አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ አምስት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲሰበስብ የዋለውን ፀሐይ ልክ ሲመሽ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም በርጩማውን፣ ጀሪካኑን፣ ያረጀ ፍራሹን እየጎተተ ወደ ግቢው መሐል ይወጣ ነበር። እናቴ የከሰል ምድጃዋን አውጥታ በቆሎ እሸት ትጠብሳለች። የሚንጣጣው ፍም፣ የሚለበለበው በቆሎ ሽታና ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ዛሬም አፍንጫዬ ሥር አሉ። መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ፣ ያኔ መብራት ሳይሄድ የሰነበተበትን ሳምንት አላስታውስም፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ማሾአቸውን ለኩሰው ከግቢያችን የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። ትልልቆቹ መብራት ኃይልን ሲረግሙ እኛ ልጆቹ በልባችን እንመርቅ ነበር፤ መብራት ከሄደ ተረቱ ይረዝማል።

ተረቱ የአባባ ገመቹ ነው። ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። መንዳቱን ቢተዉትም እሱ አልተዋቸውም፤ ከበርጩማቸው ሊነሱ ሲሉ እንኳ ወደ ግራ ዞር ብለው ስፖኪዮ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። በተረታቸው ውስጥ ያለው አውሬ ሁሉ መኪና ይሳፈራል። ጦጣ ሞጆ ላይ ጎማ ያስነፋል፣ ቀበሮ አርሲ ነገሌ ላይ መንገድ ዘግታ ታስቆማለች። ሌላ አገር ያሉ ልጆች ጅብና አህያ ጫካ ውስጥ የሚገናኙ ይመስላቸው ይሆናል፤ እኛ ግን ጋቢና ውስጥ እንደሚገናኙ በደንብ እናውቅ ነበር።

አጀማመራቸውም እንደ ሥራቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዱሪ ዱሪ» ይላሉ፣ በኦሮምኛ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። ከዚያ «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ሁሉም ተሳፍሯል?» ሲሉን እኛ ልጆቹ ግቢውን በጩኸት እናናጋዋለን። «ሞልቷል! ሳበው!» ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ ጫን አድርገው «መኪናችን ደረሰ! የሹፌር ዳቦ!» ይላሉ። በየማታው ከልጆቹ አንዳችን የዳቦ ተረኛ እንሆናለን። ተረኛው ከሱቅ የገዛውን ዳቦ በሁለት እጁ ያቀርባል፣ አባባ ገመቹ ይቆርሱና መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ቀጥሎ ለክሪክ፣ ከዚያ ለእኛ ያድላሉ።

ክሪክ ውሻቸው ነው። አንድ ጆሮው የወደቀ፣ ቡናማ፣ ኮስተር ያለ ውሻ። መኪና የሚነሳበትን ክሪክ ስም ያወጡለት ጎማ ባየ ቁጥር አንድ እግሩን ስለሚያነሳ ነው። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ገበታ ነበረው። እናቴ አመሻሽ ላይ የተራረፈውን እንጀራና ወጥ፣ ከተገኘም አጥንት፣ እዚያ ላይ ትገለብጥለታለች። እሱም አጠገቡ ተጋድሞ ተረት የሚሰማ መስሎ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል፣ ማታ ላይ ሲታይ ገበታው ተልሶ ያብረቀርቃል። መቼ እንደሚበላ ማንም ልብ ብሎ አያውቅም። እኛ የምናየው ተረተኛውን ነበር እንጂ ውሻውን አልነበረም።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ደራ ያለችው ልጃቸው ጫልቱ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አባባ ገመቹ ዜናውን የሰሙ ዕለት ግቢውን በኦሮምኛም በአማርኛም አደነቆሩት። የልጅ ልጃቸውን ሊመርቁ፣ ሁለት ሳምንትም ሊከርሙ፣ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ከልጆቹ መካከል እኔን ጠሩኝ።

«ሰኒ፣ ክሪክን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። አደራ።»

«እሺ አባባ፣ አያስቡ» አልኳቸው። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ በፊት ከውሃ መቅዳትና ከጨው መግዛት በቀር ማንም ምንም አደራ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

የዚያን ማታ ክሪክ አልበላም። እናቴ የገለበጠችለት እንዳለ አደረ፤ ጠዋት ጉንዳን ወርሶት አገኘሁት። ሙቀቱ ነው ተባለ። በማግስቱም አልበላም። ምግቡን ያሸታል፣ ፊቴን ያያል፣ ከዚያ አገጩን መሬት ላይ ዘርግቶ ይጋደማል። እኔ እጎነበሳለሁ፣ እለምነዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ፣ መልሼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አባባ ገመቹ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሜ «ውሻዎት ሞተ» ስላቸው እየታየኝ የራሴም እራት አልወርድ አለኝ።

ግቢው ሁሉ ሐኪም ሆነ። እትዬ በላይነሽ ነገሩን ካዩት ጀምሮ አልተጠራጠሩም።

«ዓይን ነው! ባለፈው እሑድ አንዲት ሴትዮ በር ላይ ቆማ 'ሲያምር!' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው ጸበል ረጩት። ክሪክ ራሱን አራግፎ ጸበሉን መልሶ ለእሳቸው ረጨ። ወዲያኛው በር ያሉት እማ ዘይነባ የበሬ ቅልጥም ቀቅለው አመጡ፣ ሽታው እኛን አስጎመዠን፤ እሱ ግን አንዴ አሽትቶ ዞረ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በአፉ ልታጠጣው ስትል ጥርሱን ገጥሞ ከአልጋ ሥር ገባ። ኋላ እንደተረዳነው፣ በዚያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ አስተዋይ የነበረው ክሪክ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ባጃጅ ጠርታ ሦስታችን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ባለባጃጁ ውሻ አልጭንም ብሎ ሲከራከር ክሪክ ጠጋ ብሎ የኋላ ጎማውን አንድ እግሩን አንስቶ መረቀለት፣ እናቴም «አየህ፣ ጤነኛ ነው» አለችው። ሐኪሙ ቀጠን ያለ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ጫን ጫን አድርጎ አየ። ጥርሱ መሐል የተሰካ አጥንት እንዳለ ፈለገ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ሙቀቱን ለካ። ውሃ ይጠጣል? ያስመልሰዋል? ዓይነ ምድሩስ? ብሎ ጠየቀን። ውሃ ይጠጣል፣ ሌላውም ደህና ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ሁለተኛ እንዳታስቡት» አለ። ቀጥሎም በግድ አፉ ውስጥ ምንም እንዳንከት፣ ምግቡን ሽታው እንዲነሳ ለብ አድርገን በለመደው ሰዓትና በለመደው ቦታ እንድናቀርብለት፣ ውሃ እንዳይለየው ነገረን። ዛሬ ማታም እምቢ ካለ ነገ ጠዋት፣ ውሃ ከተወ ወይም ካስመለሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት እንድናመጣው አዘዘ። ልንወጣ ስንል «ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?» አለን።

እናቴ «ኧረ ምንም» አለች። እኔ ግን «አባባ ገመቹ ሄደዋል» አልኩ።

«እንግዲያው ናፍቆት ሊሆን ይችላል» አለ ሐኪሙ።

ናፍቆት ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል መሰለን። የእማ ዘይነባ ባል ሞባይል ስለነበራቸው አመሻሽ ላይ ደራ ደወልን፣ ስልኩም ድምፁ ከፍ ተደርጎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ግቢው በሙሉ ዙሪያውን ከበበ። «ክሪክ! ያ ክሪክ!» ብለው በኦሮምኛ ተጣሩ አባባ ገመቹ ከስልኩ ውስጥ። ክሪክ ዘሎ ተነሳ። ስልኩን አሸተተ፣ በርጩማውን ዞሮ ከሥሩ አየ፣ ከዚያ ወደ ግቢው በር ሮጦ ሄዶ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። እዚያው ተኝቶ አንዴ እንደ ሰው በረዥሙ ሲተነፍስ አባባ ገመቹ ሰሙት መሰለኝ፣ ድምፃቸው ተለወጠ።

«በሉ ተዉት። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ።»

«ምርቃቱስ?» አለች እናቴ። ልጁን የሚመርቁት ቅዳሜ ነበር፤ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል።

«ሌላ ሰው ይመርቀዋል፣ ምን ይደረግ» አሉ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ያኔ የተሰማኝን ዛሬም በደንብ መናገር እችላለሁ፤ አፈርኩ። አባባ ገመቹ ያንን የልጅ ልጅ ስንት ዓመት ሲጠብቁ እንደኖሩ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እኔ አንድ ውሻ ማብላት አቅቶኝ ከምርቃቱ ላነሳቸው ነው። ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ፊቴን በቀሚሴ ሸፈንኩ። መብራቱም የኔን ሐዘን የጠበቀ ይመስል በዚያች ደቂቃ ሄደ።

እትዬ በላይነሽ ማሾአቸውን ሰቀሉ። እናቴ ሐኪሙ እንዳለው የእማ ዘይነባን መረቅ ለብ አድርጋ፣ እንጀራ ፈትፍታ፣ ገበታው ላይ ገለበጠች። ክሪክ ከበሩ ተነስቶ መጣና እንደ ልማዱ አጠገቡ ተጋደመ፤ አልነካውም።  ድንገት ለቅሶ ተሰማ፤ ሃያት ናት፣ የእማ ዘይነባ የስድስት ዓመት ልጅ፤ እየተንሰቀሰቀች ነበር፣ ግን ለክሪክ አልነበረም። አባባ ገመቹ የሄዱ ዕለት የዳቦ ተረኛዋ እሷ ነበረች። ተረት ስለቀረ ተራዋ ሳይደርሳት ሦስት ቀን ሆናት። በዚያን ዕለትም ዳቦዋን አስገዝታ በፌስታል ይዛ ተቀምጣለች።

«ተራዬን ሰረቃችሁኝ!» አለች።

እናቴ «ሰናይት፣ ባክሽ አንድ ነገር አውሪላትና ዝም ትበል» አለችኝ። ተረት የማውራት ፍላጎት በፍጹም አልነበረኝም። ግን የልጅቷ ለቅሶ በዚያ ሐዘን ላይ ተደርቦ የሚቻል ስላልሆነ አፍንጫዬን ጠራርጌ በአባባ ገመቹ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዱሪ ዱሪ» አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነ። «ሁሉም ተሳፍሯል?»

«ሞልቷል! ሳበው!»

የመረጥኩት ጅብ መኪና የተሳፈረበትን ተረት ነው፤ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነበር። ጅቡ ሞጆ ላይ እጁን አንስቶ መኪና ያስቆማል፣ ሻሸመኔ ዘመድ ጥየቃ መሄዱ ነው። ሹፌሩ ፈራ፣ ግን ደግሞ ብልህ ነው። «በእኔ መኪና ሕግ አለ፤ የጀመርኩት ተረት ሳያልቅ የሚበላ ተሳፋሪ ይወርዳል» ብሎ ጋቢና አስገባው። ቆቃ ላይ ማን ቢሳፈር ጥሩ ነው? አንዲት የደለበች አህያ! መጥታ ጅቡ አጠገብ ዘፍ አለች። ጅቡ ለሃጩን እየዋጠ «ተረቱ አለቀ?» ይላል፣ ሹፌሩ «ገና ነው» ይላል። ሽቅብ ሲወጡም ገና ነው፣ ቁልቁል ሲወርዱም ገና ነው። በመጨረሻ ጅቡን ተረቱን እየሰማ እንቅልፍ ጣለው፣ አህያዋም ቀስ ብላ ዝዋይ ላይ ወረደች።

«መቂ ነው!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። «አባባ ገመቹ መቂ ነው የሚያወርዷት!»

«ዝዋይ ናት» አልኩ፤ ሹፌሯ እኔ ነኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ጅቡ ሻሸመኔ ሲነቃ ተረቱ አልቋል፣ አህያዋም የለችም። እግሬን መሬት ላይ ጫን አደረግኩ። «መኪናችን ደረሰ! የሹፌር ዳቦ!»

ሃያት እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ዳቦውን በሁለት እጇ አቀረበች። ቆረስኩ። አንድ ጉርሻ ወደ አፌ፣ አንድ ደግሞ፣ ሳላስብበት፣ ዓይኔ ለዓመታት ያየውን እጄ ስላደረገ ብቻ፣ ወደ ክሪክ ወረወርኩ። በአየር ላይ ቀለበው። ከዚያ ተነሳ፣ ፊትና ኋላውን አፍታትቶ ተንጠራራ፣ አዛጋ፣ ገበታው ላይ ጎንበስ አለና መብላት ጀመረ። በማሾው ብርሃን አየነው። ጧ ጧ ጧ የሚለውን ድምፅ ከዚያ በኋላ ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። መረቁን ጨርሶ ገበታውን እየላሰ በምላሱ በግቢው ዙሪያ ገፋው።

እትዬ በላይነሽ እልልታቸውን ለቀቁት። እናቴ አቀፈችኝና ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። ሃያት ምን እንደተደረገ ባይገባትም ድሉ የዳቦዋ መሆኑን አውቃ ግቢውን ትዞር ጀመር። እትዬ በላይነሽ ሥራው የጸበላቸው መሆኑን፣ እማ ዘይነባ የቅልጥማቸው መሆኑን እስከ ዛሬ ይሟገታሉ።

ያኔውኑ ደራ ተደወለ። አባባ ገመቹ የሆነውን ሁሉ ሰሙና ድንገት ሳቃቸው ፈነዳ፤ ስልኩ ተበላሸ መስሎን ነበር።

«ጉዴ! እኔው ነኝ ያሳመምኩት!» አሉ። «ቡችላ ሳለ የሰኒን ዳቦ ከእጇ ነጥቆ አስለቀሳት። ከዚያ ወዲያ ሹፌር ሳይቀምስ ማንም እንዳይቀምስ አስተማርኩት። አስተምሬው ረሳሁት! እሱ ግን አልረሳም።»

ለካ ክሪክ አልታመመም ነበር። የሹፌር ዳቦ እስኪቆረስ ነበር የሚጠብቀው። እኛ ቅልጥም ስንቀቅል፣ ጸበል ስንረጭ፣ የጎደለው ከገበታው ላይ አልነበረም።

አባባ ገመቹ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን መረቁ፤ ሁለት ሳምንት የተባለው ወር ሆነ። እኔም ውሻ እንዲበላ ስል ወር ሙሉ በየማታው ተረት አወራሁ። የማውቀው ሲያልቅብኝ ፈጠርኩ፣ አንበሳን ባጃጅ አስነዳሁ። ሲመለሱ ጋቢያቸውን አውልቀው ወደ በርጩማቸው ይሄዳሉ ብለን ስንጠብቅ እንደ ልጆቹ ፍራሽ ላይ ቁጭ አሉ። የዳቦ ተረኛውም እሳቸው ሆኑ። ተረቴን ስጨርስ ዳቦውን በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው አቀረቡልኝ። ሕይወቴን ሙሉ ከተሰጠኝ ነገር ይህንን የሚያህል የለም።

ክሪክ አርጅቶ ሞተ፣ እኛም ተበተንን፤ አባባ ገመቹ ግን እዚያው ግቢ ቀሩ። እኔ እዚሁ አዳማ መምህርት ሆንኩ። ባለፈው ዓመት አባባ ገመቹ ጉንፋን ይዟቸው ከተነሱ በኋላ እህል እምቢ እንዳሉ ሰማሁ። ስደርስ ጫልቱ ከደራ መጥታ መረቅና ማንኪያ ይዛ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትለምናቸዋለች፤ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ያወራል። ሐኪሙ ጤነኛ ናቸው ብሏል። ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። በሩን ከፈትኩት። እጃቸውን ደግፌ ወደ ኒሟ ዛፍ ወሰድኳቸው፣ የአሁኖቹን የግቢው ልጆች ጠራሁ፣ አንዷን ዳቦ አስገዛሁ።

ተረቱን ስጀምር ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር። ስጨርስም ተጨፍኖ ነበር። እግሬን መሬት ላይ ጫን አድርጌ የሹፌር ዳቦ አልኩ፣ ልጅቷ አቀረበች፣ ቆርሼ አንዱን ቀመስኩና ሌላውን በመዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ዳቦውን በጣቶቻቸው ዳሰሱት።  ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አህያዋ የምትወርደው መቂ ነው» አሉኝ። «ዝዋይ ድረስ ከጅብ ጋር ምን ትሠራለች?» ብለው ዳቦውን ጎረሱት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። መቂ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን አህያዋን ሁልጊዜ ዝዋይ ድረስ እወስዳታለሁ፤ እሳቸውም በየሳምንቱ ተቆጥተው፣ አርመውኝ፣ ራታቸውን ይበላሉ።